የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ፦ ብድሩ ለማን ይሆናል?

የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 ሲቋቋም 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት ነበር። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል፣ በየክልሉ የወጣት ቁጥር ተደልድሎ፣ በብድርና ቁጠባ ተቋማት አማካይነት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ለሆነ ወጣቶች እንዲደርስ ነው የታሰበው። ዛሬ ፀደይ ባንክና ሲንቄ ባንክ የተባሉት የአማራና የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ከአበዳሪዎቹ ዋነኞቹ ነበሩ።

አገልግሎቱ ከሁሉም በላይ የሚመቸው እጁ ላይ ጥቂት ጥሪት ላለው ወጣት ነው። ምክንያቱም ብድሩ ከመለቀቁ በፊት ያለው መንገድ ራሱ ወጪ አለው። የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ ወረዳ ላይ በሥራ ፈላጊነት መመዝገብ፣ ሥልጠና መውሰድ፣ በማኅበር መደራጀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ማውጣት፣ የሥራ ዕቅድ ማቅረብ፣ በመጨረሻም የብድሩን 10 በመቶ ያህል አስቀድሞ መቆጠብ ይጠየቃል። አምስት ሆነው 200,000 ብር የሚጠይቁ ወጣቶች 20,000 ማስቀመጥ አለባቸው ማለት ነው፤ በነፍስ ወከፍ 4,000። በቀን ሥራ ለሚያድር ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። ጎዳና ላይ ያለው ወይም ከቀዬው የተፈናቀለው ደግሞ መታወቂያው ላይ ይቀራል፣ ቁጠባው ጋ እንኳ አይደርስም።

አባላቱ አንዱ ለሌላው ዕዳ የሚዋሱበት የቡድን ዋስትና ንብረት ለሌለው ሰው በር መክፈቱ አይካድም። ጣጣው ግን የአባላት ቁጥር ለማሟላት ሲባል ስሙን ብቻ ያዋሰ ዘመድ ወይም ጓደኛ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ነው። ሥራ የሚሠሩት ሁለት፣ ዕዳ ላይ የፈረሙት አምስት ይሆናሉ። አንዱ ዓረብ አገር ቢሄድ የእሱ የዕዳ ድርሻ ለቀሩት ይተርፋል። ገንዘቡ በተለቀቀ ማግስት ተካፍለው የሚበተኑ ማኅበራትም አሉ። ፈንዱ ከ2008ቱ ተቃውሞ በኋላ የመጣ በመሆኑ እንደ መንግሥት ስጦታ የቆጠረው ብዙ ነበር፤ አመላለሱንም ያበላሸው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ትልቁ ቀዳዳ ግን የክፍያ መጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ብዙ ወጣት የሚመርጠውን የዶሮ እርባታ እንይ። 500 የ45 ቀን ቄብ ዶሮ ተገዛ እንበል። እንቁላል መጣል የሚጀምሩት 20ኛ ሳምንታቸው አካባቢ ስለሆነ ወደ 95 ቀን ያለ ገቢ ይቀለባሉ። በአማካይ በቀን 70 ግራም ቢበሉ 35 ኪሎ፣ በ95 ቀን 33 ኩንታል ያህል መኖ ይፈልጋሉ። ሙሉ ምርት ላይ የሚደርሱት ደግሞ ከዚያ ብዙ ሳምንታት ቆይተው ነው። የእፎይታ ጊዜው፣ ማለትም ክፍያ እስኪጀመር የሚሰጠው ጊዜ፣ ሦስት ወር ከሆነ የመጀመሪያው ክፍያ ከመጀመሪያው እንቁላል ቀድሞ ይመጣል። ማኅበሩም ወይ ቄቦቹን በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ መኖ ይቀንሳል። መኖ የተቀነሰባት ዶሮ ደግሞ ዘግይታ ትጥላለች፤ ጨዋታው እዚያ ላይ አበቃ። ለዳቦ ቤት ሦስት ወር በቂ ሊሆን ይችላል፣ ለዶሮ ግን ቢያንስ ስድስት ወር መጠየቅ ያስፈልጋል። የሥራ ዕቅዱ ላይ የመኖውን ወጪ ከዶሮው መግዣ ለይቶ መጻፍም ይረዳል፤ ብዙ ዕቅድ የሚወድቀው ገንዘቡ በሙሉ ለመግዣ ተመድቦ ለሥራ ማስኬጃ ምንም ስለማይቀር ነው።

ማሽን ለሚገዙት ፈተናው ፕሮፎርማው፣ ማለትም ሻጩ የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ፣ ነው። ዋጋው የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ሲሆን የብድር ኮሚቴው ውሳኔ ሳምንታት ይፈጃል። በመሀል ዋጋ ሲጨምር የጸደቀው ብር አይጨምርም። ፕሮፎርማውን ውሳኔው ሲቃረብ ማሳደስ፣ ዕቅዱ ላይም ለዋጋ ለውጥ መጠባበቂያ መያዝ ይሻላል።

የፈንዱ ራሱ አቅምስ? ስሙ እንደሚለው ተዘዋዋሪ ነው፤ ቀጣዩ ተበዳሪ የሚያገኘው የፊተኛው የመለሰውን ነው። ሁሉም ቢመልስ እንኳ 10 ቢሊዮን ብር የ2009ኙ 10 ቢሊዮን አይደለም። ያኔ ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ነበር፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ የእንጨት ወይም የብረታ ብረት ማሽን ለሚገዛ ማኅበር የፈንዱ ጉልበት ከሩብ በታች ወርዷል።

ግምገማው ላይ ደግሞ ሪፖርቶች የሚወዱት ቁጥር «ለዚህን ያህል ወጣት የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለው ነው። ይህ የሚቆጠረው ብድሩ በተለቀቀ ቀን ስለሆነ በዓመቱ የተዘጋው የዶሮ ቤትም እዚያው ውስጥ አለ። ስም ያዋሰው ዘመድም እንደ አንድ ሥራ ይቆጠራል። «ቋሚ» እና «ጊዜያዊ» እያሉ መከፋፈሉም ብዙ አያድንም፤ ቋሚነቱ የሚወሰነው ሥራው ሲጀመር እንጂ ቆይቶ ሲታይ አይደለምና። የሚጠቅመው መለኪያ በ12ኛው ወር በሩ ክፍት ነው ወይ፣ ስንቱ አባል አሁንም ይሠራል፣ ስንት ክፍያ በወቅቱ ገባ የሚለው ነው። ለዚህ የወረዳው ባለሙያ የብድር መዝገቡን ይዞ ሼድ ለሼድ መዞር አለበት፤ የትራንስፖርት በጀቱ ግን ብዙ ጊዜ ከፈንዱ ጋር አብሮ አይመጣም።

ለመፈረም የተዘጋጁ ማኅበራት መተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ የሚለቅ አባል ዕዳውን እንዴት እንደሚያወራርድ፣ ማን እንደሚተካውና ተተኪው አበዳሪው ፊት መቼ እንደሚፈርም አስቀድመው ይጻፉ። አበዳሪው ተተኪውን እስካልተቀበለ ድረስ የለቀቀው ሰው ስም ከብድር ውሉ አይወጣም።