የተረት ዓለም ድግስ በቤት፦ የቱን ልግዛ? የቱን ልተው?

የዘንዶ፣ የአስማተኛ ወይም የዩኒኮርን (ባለ አንድ ቀንድ የተረት ፈረስ) ድግስ ለልጆች ቤት ውስጥ ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው ሐሳብ አያጣም። የሚያስቸግረው የሚሸጠው ነገር ብዛት ነው። ብልጭልጩ፣ ቀለሙ፣ የቅርጽ ማውጫው፣ ጭሱ፣ መብራቱ፣ በካርቶን የተዘጋጀው ሙሉ ጥቅል። ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራል። ሁሉንም ከገዛችሁ ግን ገንዘቡም ጊዜውም ያልቃል፣ ልጆቹም ጠረጴዛውን አንዴ አይተው ወደ ጨዋታቸው ይሮጣሉ።

እኔ የምመርጥበት መለኪያ አንድ ነው። ነገሩ በልጁ እጅ ይለወጣል ወይ? ሎሚ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር መጠጥ፣ አረፋ እየደፈቀ የሚፈለፈል እንቁላል፣ ልጁ ራሱ ሠርቶ ይዞት የሚሄድ በትር። ልጅ አስማት የሚለው ይሄንን ነው። ጌጡ የፈለገውን ያህል ቢያምር ዕድሜው ኬኩ እስኪቆረጥ ድረስ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለሚለወጠው ነገር አውጡ፣ በቆመው ጌጥ ላይ ቆጥቡ። ከታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ ዓይን የታየ ነው።

ቀለም የሚቀይር መጠጥ፦ ሰማያዊ አበባ ወይስ ቀይ ጥቅል ጎመን?

አንድ ነገር ብቻ እንድመርጥ ብገደድ ይሄንን ነው የምመርጠው። ልጁ ሰማያዊ መጠጥ ይይዛል። ሎሚ ጠብ ያደርግበታል። መጠጡ ዓይኑ እያየ ሐምራዊ ይሆናል፣ ሎሚው ሲበዛ ደግሞ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ምስጢሩ አንቶሳያኒን የሚባሉት የዕፅዋት ቀለሞች ናቸው። አሲድ ሲያገኛቸው ቀለማቸውን ይቀይራሉ። ትልልቆቹ ልጆች እንዴት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ብትነግሯቸውም ደስታቸው አይቀንስም።

ምንጩ ሁለት ነው። አንደኛው በተርፍላይ ፒ የሚባለው የደረቀ ሰማያዊ አበባ ነው። እንደ ሻይ በፈላ ውኃ ይዘፈዘፋል። ደማቅ ሰማያዊ ይሰጣል። ጣዕሙ ለዘብ ያለ ስለሆነ ስኳርና ሎሚ ይሸፍኑታል። ካፌይንም የለውም። ሁለተኛው ቀይ ጥቅል ጎመን ነው። ከትፋችሁ የፈላ ውኃ ታፈሱበታላችሁ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አቆይታችሁ ታጠልሉታላችሁ። ሐምራዊ ውኃ ታገኛላችሁ። ሎሚ ወደ ሮዝ ይወስደዋል፤ ቤኪንግ ሶዳ ቆንጠር አድርጋችሁ ብትጨምሩበት ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል።

በዋጋም ሆነ በቀላሉ በመገኘት ጎመኑ ይበልጣል። የቀለሙ ዓይነትም ይበዛል። ግን ጎመን ጎመን ይሸታል፣ ልጅ ደግሞ ሽታ ላይ ጨካኝ ነው። ስለዚህ ለሚጠጣው አበባውን ግዙ። ጎመኑን ለጨዋታ አድርጉት፦ በትንንሽ ብርጭቆዎች ኮምጣጤ፣ የሎሚ ጭማቂና ሶዳ የተበጠበጠበት ውኃ ደርድሩ፣ ለልጆቹ ጠብታ ማንጠባጠቢያ ስጧቸው፣ እየቀላቀሉ የራሳቸውን “የአስማት መድኃኒት” ያውጡ። ይህ ጠረጴዛ እንደማይጠጣ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ብርጭቆዎቹም ከመጠጡ ብርጭቆ በመልክ የተለዩ ይሁኑ።

አበባው ሙሉውም ዱቄቱም ይሸጣል። ዱቄቱ ቶሎ ይበጠበጣል፣ ግን ከታች ዝቃጭ ይተዋል። ለመጠጥ ሙሉው አበባ ይሻላል፣ ተጠልሎ ጥርት ይላል። ዱቄቱ ለክሬምና ለሊጥ ይሁን። ክሬሙ ውስጥ ሎሚ ካለ ግን ሰማያዊ አይሆንላችሁም፣ ይህን አትርሱ።

ሌላም መንገድ አለ። የአበባውን ውኃ በበረዶ መሥሪያ ትሪ አቀዝቅዙት። ሰማያዊውን በረዶ በውኃና በስኳር በተበጠበጠ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ጣሉት። እየቀለጠ ሲሄድ ብርጭቆው ቀስ በቀስ ሐምራዊ ይሆናል። ከድግሱ ቀን በፊት ስለሚሠራም የእለቱን ጥድፊያ ይቀንስላችኋል።

የዘንዶ እንቁላል፦ የሚፈለፈለው ወይስ የሚቆፈረው?

ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ጠንካራ እንቁላል ነው። ከጂፕሰም ይሠራል፣ ከትንሽ መፋቂያና ብሩሽ ጋር ይመጣል፣ ልጁ ቆፍሮ ውስጡ ያለውን ዘንዶ ያወጣል። ትዕግሥት ላለው ትልቅ ልጅ ጥሩ ሥራ ነው። ለድግስ ግን አይመቸኝም። ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ አቧራው ምንጣፍ ውስጥ ይገባል፣ ትንንሾቹ ግማሽ ላይ ሰልችቷቸው “አንተ ቆፍርልኝ” ይላሉ።

ቤት የሚሠራው ከቤኪንግ ሶዳ ነው። ሶዳውን በምግብ ቀለም ከተቀባ ጥቂት ውኃ ጋር ታሹታላችሁ። ሲጨበጥ እንደ እርጥብ አሸዋ የሚያያዝ መሆን አለበት። ውኃው ከበዛ ይፈሳል፣ ካነሰ ይፈረፈራል፤ ስለዚህ ውኃውን በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ። መኻሉ ላይ ትንሽ አሻንጉሊት ታስገቡና በእጃችሁ አድቦልቡላችሁ ሌሊቱን እንዲደርቅ ትተዉታላችሁ። በድግሱ ቀን ልጆቹ ኮምጣጤ ሲያንጠባጥቡበት ይንተከተካል። ሶዳውና አሲዱ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ አረፋው ከእሱ ነው። ዘንዶው ከአረፋው ውስጥ ብቅ ሲል የሚሰማውን ጩኸት ሰምቶ የማይስቅ ወላጅ የለም።

ለእኔ ይህ ከተገዛው በብዙ ይሻላል። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል። ኮምጣጤ ዓይን ያቃጥላል፤ የሚረጭ ጠርሙስ አትስጡ፣ ማንጠባጠቢያ ወይም ማንኪያ ስጡ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ ደግሞ ውስጥ የሚገባው አሻንጉሊት አፍ ውስጥ የማይገባ ትልቅ ይሁን፣ ወይም ለእሱ ባዶ እንቁላል ሥሩለት። መንተክተኩ ብቻ ይበቃዋል።

ጭስ

ድራይ አይስ የሚባለውን ደረቅ በረዶ አጠር አድርጌ ልለፈው፦ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት አትግዙት። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው፣ ባዶ እጅ ያቃጥላል። ክዳኑ የጠበቀ ዕቃ ውስጥ ከተቀመጠ ዕቃውን ያፈነዳል። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፣ ልጆቹ ያሉትም ታች ነው። ቁራጩ ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ ቢዋጥ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ለፎቶ ያምራል፣ አውቃለሁ። ከላይ ያለው የሶዳ አረፋ ግን ልጁ ራሱ የሚሠራው ነው።

የምግብ ቀለም፦ ፈሳሽ፣ ጄል፣ ዱቄት

ፈሳሹ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል። ለመጠጥ፣ ለጄሊ፣ ለፓንኬክ ሊጥ ይበቃል። ክሬም ላይ ግን ደማቅ ቀለም ለማውጣት ብዙ መጨመር ግድ ይላል፣ ያኔ ክሬሙ ይቀጥናል። ጄሉ ወፍራምና ጠንካራ ነው። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የተነሳች ትንሽ ነገር ብዙ ክሬም ታቀልማለች። የሌሊት ሰማይ ሰማያዊ ወይም የጠቆረ ሐምራዊ ከፈለጋችሁ ከጄል ውጪ አትድከሙ። ሲያድር ይበልጥ ስለሚደምቅ ከምትፈልጉት ትንሽ ፈዘዝ አድርጋችሁ አቁሙ።

ዱቄቱ ለቸኮሌት ነው። ውኃ ያለበት ቀለም የቀለጠ ነጭ ቸኮሌት ውስጥ ከገባ ቸኮሌቱ ይጓጉላል፣ ከዚያ ወዲያ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አይፈስም። ዱቄት ወይም በዘይት የተሠራ ቀለም ካላገኛችሁ ቀድሞ የተቀለመውን ቸኮሌት ግዙ።

ስለ ቸኮሌት ካነሳን፣ ሁለት ዓይነት አለ። እውነተኛው የካካዎ ቅቤ አለው፣ ጣዕሙም የተሻለ ነው። ነገር ግን ቴምፐሪንግ የሚባለውን ሥራ ይፈልጋል። ጥቁሩ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ ወደ 27 ወይም 28 ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ወደ 31 ወይም 32 ይሞቃል። ይህ ካልተደረገ ነጫጭ መስመር ያወጣል፣ እጅ ላይም ቶሎ ይቀልጣል። ኮምፓውንድ የሚባለው በካካዎ ቅቤ ፋንታ የአትክልት ስብ አለው። ይቀልጣል፣ ይፈሳል፣ ይጠነክራል፣ በቃ። ልጆች ቀጭን ረዥም ብስኩት ነክረው የሚበላ የአስማት በትር እንዲሠሩ ከሆነ ኮምፓውንዱን ግዙ። እውነተኛውን አዋቂዎች ለሚበሉት ኬክ አስቀምጡት።

ብልጭልጭ፦ “የሚበላ” እና “መርዛማ ያልሆነ”

እዚህ ላይ አደራ። አንዱ ዕቃ ላይ “የሚበላ” ይላል፣ ሌላው ላይ “መርዛማ ያልሆነ” ይላል። ጎን ለጎን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፣ መልካቸውም ያው ነው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ “መርዛማ ያልሆነ” ወይም “ለጌጥ ብቻ” የሚል ጽሑፍ ብቻውን ያለው ምርት ምግብ ላይ መነስነስ እንደሌለበት ያስጠነቅቃል። አንዳንዱ የተፈጨ ፕላስቲክ ነው። የሚበላው የይዘት ዝርዝር አለው፦ ስኳር፣ የግራር ሙጫ፣ ማልቶዴክስትሪን፣ የበቆሎ ስታርችና የተፈቀደ ቀለም። ዝርዝር የሌለውን ወደ መደርደሪያው መልሱት፣ ለዘውድና ለማይበላው በትር ካልሆነ።

ነጭና አንጸባራቂ ምርቶች ላይ ኢ171 የሚል ጽሑፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከምግብ ውስጥ እንዲወጣ አድርጓል፤ በሌሎች አገሮች አሁንም ይሸጣል። ያለሱ የተሠራ እያለ እኔ እሱን አልገዛም።

ኬክና ጄሊ

ኬኩን በፎንዳንት (እንደ ሊጥ በሚዳመጥ የስኳር ልባስ) መሸፈን ወይስ በክሬም? ቤተ መንግሥት ወይም የዘንዶ ራስ ለመቅረጽ ፎንዳንት ያስፈልጋል። ብዙ ልጆች ግን ልጠው ሳህን ጠርዝ ላይ ይተዉታል። ኬኩን በክሬም ሸፍኑ፣ ቀንዱን ወይም ክንፉን ብቻ ከፎንዳንት ሥሩ። ትንሽ ጥቅል ይበቃችኋል።

ጄሊው ላይ ምርጫው በጄላቲንና በአጋር መካከል ነው። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ይሠራል። ለመርጋት ፍሪጅ ውስጥ ሰዓታት ይፈልጋል፣ አፍ ውስጥ ቀልጦ ይጠፋል፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ግን ይለሰልሳል። አጋር ከባሕር አረም ይገኛል። መፍላት አለበት፣ ግን ያለ ፍሪጅም ይረጋል፣ እንደገና ለመቅለጥም 85 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ሲበላ ጠንከር ብሎ ይቆረሳል። ጠረጴዛ ላይ ለረዥም ሰዓት የሚቆም “የዕንቁ ድንጋይ” ከሆነ፣ ወይም ከእንግዶቹ የእንስሳት ውጤት የማይበላ ካለ፣ አጋሩን ያዙ። በማንኪያ ለሚበላ ለስላሳ ጄሊ ጄላቲን ይጣፍጣል። ትኩስ አናናስ፣ ኪዊ ወይም ፓፓያ ግን አትጨምሩበት። በውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ጄላቲኑ እንዳይረጋ ያደርገዋል። የታሸገው አናናስ በሙቀት ስላለፈ ችግር የለውም።

በትርና ብርሃን

ለበትር ሥራ ግሉ ገን (ሙጫ በሙቀት አቅልጦ የሚያፈስ መሣሪያ) ከገዛችሁ ዝቅተኛ ሙቀት ያለውን ምረጡ። ከፍተኛው የበለጠ ያጣብቃል፣ የሚያደርሰው ቃጠሎም የከፋ ነው። ዝቅተኛውም ቢሆን በአዋቂ እጅ ይሁን። የሙጫውን ጉብታና ጠመዝማዛ መስመር ከድግሱ በፊት ዱላው ላይ ሠርታችሁ አድርቁት፤ ለልጆቹ መቀባቱን ተዉላቸው። ዱላ ካላገኛችሁ ወረቀት ሰያፍ ተጠቅልሎ ይበቃል። ቀለሙ አክሪሊክ ቢሆን ቶሎ ይደርቃል፣ ይዘውት ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ለብርሃን ብዙ ሰው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሻማ ይገዛል። ከእሳት ይሻላል፣ ጥርጥር የለውም። ብዙዎቹ ግን በክብ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ። ይህ ባትሪ ከተዋጠ ጉሮሮ ውስጥ ተቀርቅሮ በ2 ሰዓት ውስጥ እንኳ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚዘጋ ካልሆነ አትግዙ። ታጥፎ ውስጡ ሲሰበር የሚያበራው የፕላስቲክ ዘንግ፣ ግሎ ስቲክ፣ ባትሪ የለውም፣ ልጁም ቀጨም ሲያደርገው በእጁ ይበራል፣ ስለዚህ በእኔ መለኪያ ያሸንፋል። እንዳያኝኩት ተጠንቀቁ፤ ፈሳሹ አፍና ዓይን ይቆጠቁጣል። በርቶ ከዋለ በኋላ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ውስጡ ያለው ኬሚካል ቀስ ብሎ ስለሚሠራ በማግስቱም ሊያበራ ይችላል።

የተዘጋጀ ጥቅል ወይስ ለየብቻ?

ሙሉ ጥቅሉ ሰሃን፣ ባንዲራ፣ ፊኛና ጥቂት መጫወቻ ይይዛል። ጊዜ ለሌለው ሰው ደህና ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ይዘቱን አንብቡ። አብዛኛው ወረቀትና ፊኛ ከሆነ የምትከፍሉት ለቆመ ጌጥ ነው። ቁጥሩም ለስንት ልጅ እንደሆነ እዩ፣ አንድ ልጅ ሲተርፍ ሁለተኛ ጥቅል መግዛት ይመጣል። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ትንንሽ ልጆችን ስለሚያንቅ ወዲያው ሰብስቡት። እኔ ብሆን ሰሃኑን ተራ ባለ አንድ ቀለም እገዛለሁ፣ የተረፈውን ለአበባው፣ ለሶዳውና ለግሎ ስቲኩ አደርገዋለሁ። ሶዳውን በትልቁ ጥቅል ግዙ፤ ልጆቹ አንድ እንቁላል ፈልፍለው አይበቃቸውም።