የእናናን ራስጌ የጌጥ ሣጥን ላደረጉልኝ ጋሼ

እናንተዬ፣ ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ረዘም ይልብኛል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የቸኮለ ሰው ደግሞ ይቺን ብቻ ይያዝልኝ፦ ከእንጨት የሚሠራ ነገር ካላችሁ፣ በተለይ አሮጌ የቤተሰብ ዕቃ ከሆነ፣ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እኔን በውስጥ ጠይቁኝ። የማመሰግናቸውን አናጢ ስምና ስልክ እዚህ ያልጻፍኩት ራሳቸው ስለከለከሉኝ ነው። "ሰው ሲበዛ እጄ ይቸኩላል" አሉኝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ናቸው፤ ሌላውን በውስጥ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአልጋ ነው። እናና የምንላት አያቴ ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ በአይሱዙ አስጭና ያመጣችው የዋንዛ አልጋ ነበራት። እሷ ካረፈች በኋላም እማዬ ተኝታበታለች። ኮንዶሚኒየሙ ደርሶን ስንገባ ግን አልጋው ደረጃው ላይ አልዞር አለ። ሦስት ጎረምሳ ሲታገለው አረፈደና ተሸነፈ። ተፈታታ። ራስጌውና ግርጌው ብቻ ተረፉልን፣ እነሱም በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሁለት ክረምት ከረሙ።

እማዬ ደግሞ ጌጦቿን የምታስቀምጠው በብስኩት ቆርቆሮ ነው። የእናና ድሪ፣ ሁለት ወለባ፣ አንዱ እግሩ የጠፋ አልቦ፣ የአንገት መስቀል፣ 1780 የሚል የተጻፈባት ጆሮ የተበየደላት የማርትሬዛ ብር። ክዳኑን ስትከፍተው እላይ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ሌባ ቢመጣ ጎረቤት ቀድሞ ይነቃል እያልን እንስቅባት ነበር።

ታዲያ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ አንድ ቀን የጌጥ ሣጥን ፎቶ ላከችልኝ። ዋልነት ከሚባል እንጨት የተሠራ ነው፣ እነሱ አገር ይበቅላል አለችኝ። ላዩ ላይ ጢስ የመሰለ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ነፋስ የነካው ውሃ የመሰለ መስመር ይሄዳል። አፍዝዞ ነው የያዘኝ። ዋጋውን ወደ ብር ስመነዝረው ግን ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ ነው በረንዳ ላይ የተደገፈው ዋንዛ ትዝ ያለኝ።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። ቦታም ስምም አልጠራም፣ እግዜር ይያቸው። መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት ባለ መስታወት፣ መብራቱ ዓይን የሚያጠፋ ነው። ፎቶውን አሳየሁ፣ ግርጌውን አስረከብኩ፣ 3,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። "ቀላል ነው እህት፣ በሳምንት ነይ።" ሳምንቱ ወር ሆነ። አንዴ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ አንዴ መብራት ጠፍቷል፣ አንዴ የሚሠራው ልጅ ለቅሶ ሄዷል። ልጁ ሦስት ጊዜ ለቅሶ ሄደ። አራተኛ ስደውል ዘመዶቹ እንዳያልቁ እየሰጋሁ ነበር። በአራተኛው ወር አንድ የሚያብረቀርቅ ሣጥን ሰጡኝ፤ ተደስቼ ቀሪውን ከፍዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ጥጉን በጥፍሬ ነካ ባደርገው እንደ ተለጣፊ ወረቀት ተላጠ። ውስጡ የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው! ተመለስኩ። "የኔ ዋንዛስ?" አልኩ። "እሱማ ነቅዞ ነበር፣ ጣልነው። ደግሞ አንቺ ዋልነት አይደል ያልሽው? ይኼ እኮ ዋልነት ከለር ነው።"

ዋልነት ከለር! እስካሁን ሌሊት ትዝ ሲለኝ እነቃለሁ። ስንት ዘመን ያልነቀዘ አልጋ እነሱ ጋ አራት ወር ሲያድር ነቀዘ።

ሁለተኛው ቦታ ያለው ልጅ እንኳን ሌባ አልነበረም፣ ችኩል ነው። ራስጌውን ገና ከእጄ ሲቀበል ማሽኑን አስነሳ። "ይኼ ጥቁር ነገር ቆሻሻ ነው፣ አንዴ ብናሳልፈው ይለቃል" አለ። ነጥቄው ወጣሁ። ልጁ እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ጥቁሩ ነገር ቆሻሻ አይደለም። እናና ሌሊት እየተነሳች ኩራዟን ራስጌው ጋ አስጠግታ ዳዊት ትደግም ነበር። አንድ ሌሊት ዳዊቱን እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላታል። ኩራዙ እንጨቱን ይልሰው ይጀምራል። "ቅዱስ ሚካኤል ትከሻዬን ወዝውዞ ቀሰቀሰኝ" ትል ነበር፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ጠላ እየቀዳች ያንኑ ትደግመዋለች። ምልክቱ የአውራ ጣት ያህል ነው፣ ወደ ላይ የሾለ። ልጅ ሆነን ጣታችንን እየከተትን እንለካበት ነበር።

ጋሼን ያገኘሁት በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። አንድ ዲያቆን ቸግሮኝ ሳወራ ሰምቶ "የደብራችንን ከበሮ የሚጠግኑ አናጢ አሉ፣ ዋንዛ ከሆነ እሳቸው ያውቁታል" አለኝ። የከበሮ ቀፎ ከዋንዛ እንደሚፈለፈል ያኔ ነው የሰማሁት። ሄድኩ። የቆርቆሮ ቤት ናት፣ ኮላና ትኩስ ሰጋቱራ ይሸታል፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ሥር አንድ ድመት። ስልኬን አውጥቼ የዋልነቱን ፎቶ ላሳያቸው ብል ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። "እሱ እዚያው ላሉት ይሁንላቸው። የያዝሽውን አሳዪኝ።"

ራስጌውን ሁለት ዱካ ላይ አጋደሙት። እርጥብ ጨርቅ አመጡና ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ቀስ ብለው ጠረጉት። እኔ አርባ ዓመት ያየሁት ቡናማ ጣውላ ነው። ጨርቁ ባለፈበት ሁሉ ግን ከሥር ወርቅማ መስመር ብድግ ይላል፣ መሃል ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ይሽከረከራል፣ ደግሞ ይለቃል። አባይ ድልድይ ላይ ቆሜ ቁልቁል ያየሁ መሰለኝ። ውሃው ሲደርቅ ተመልሶ ጠፋ። "አየሽው? አለ። እኔ ማውጣት ብቻ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ጣታቸው ጥቁሩ ላይ ቆመ። "ይኼንን ማን አቃጠለው?"

ልብ በሉልኝ፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዳዊቱንም፣ ኩራዙንም፣ ሚካኤልንም ነገርኳቸው። ብርጭቆ ወረቀታቸውን አስቀምጠው እስክጨርስ ሰሙኝ። ሲስቁ ነው የቆዩት፣ መጨረሻ ላይ ግን አማተቡ። "ይኼማ ሚካኤል የቆመበት ነው፤ መላጊያ አይነካውም።" አለቀ። እዚያው ነው ያለቀስኩት፣ አላፍርም።

ስለ ዋንዛ ያኔ ብዙ አጫወቱኝ። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ እሳቸው እንደሚሉት እንዲህ ያለ ሰፊ አሮጌ ጣውላ አሁን የሚገኘው ከፈረሰ ቤትና ከተፈታ አልጋ ነው። "ሰው ግን ለማገዶ ይሰጠዋል" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ስለ ዋንዛ የማውቀው ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ፍሬው እጄ ላይ እንደ ማስቲካ ሲጣበቅ ብቻ ነው።

ሥራውን ላስረዳችሁ አልችልም፣ አልገባኝም። አንድ ቅዳሜ ግን ስደርስ ጣውላው ላይ በእርሳስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ጽፈው አገኘኋቸው። አራቱም ጎን ከአንድ ቁራጭ ተከታትሎ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ መስመሩ ከፊት ጀምሮ ማዕዘኑን ታጥፎ ጎን ላይ ይቀጥላል፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ማዕዘኖቹ ምስማር የላቸውም፣ እንደ ተቆላለፈ ጣት ናቸው። "አንዱ ማዕዘን ላይ ግን መስመሩ አይገጥምም፤ መጀመሪያውና መጨረሻው የሚገናኙበት ነው፣ እንዲህ ተከታትሎ ሲቆረጥ ሊገጥም አይችልም። በኋላ በኩል አድርጌዋለሁ። እንዳትታለዪ ብዬ ነው" አሉኝ። ጉድለቱን ራሱ ጠርቶ የሚያሳያችሁ ባለሙያ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም።

ውስጡን ቀይ ከፋይ እንዲያለብሱልኝ ፈልጌ ነበር። አንዳንዱ ጨርቅና ሙጫው የብር ጌጥ ያጠቁራል፣ ከፋዩን አላምነውም አሉና የእናናን ያረጀ ነጠላ አስመጡኝ። ሙጫ ሳይነካው ወጥረው ገጠሙት። ጥለቱ ክዳኑ ሲከፈት ጠርዝ ላይ ብቅ ይላል።

ልወስድ የሄድኩ ቀን ሣጥኑ ላይ አንድ ፌስታል ነበር። ምንድነው ብዬ ብከፍት የተረፈው እንጨት ነው፤ ትልቁ ቁራጭ፣ ትንሹ ቁራጭ፣ የክብሪት ሣጥን የምታህለዋ ሳትቀር። "ያንቺ ነው፣ ይዘሽ ሂጂ።" ግርጌዬን የበሉብኝ ሰዎች ይኼን ፌስታል ባዩ አልኩ በልቤ። ጉርሻ ብጨምርላቸው ቆጥረው መለሱልኝ፤ ከተነጋገርነው አንድ ብር አልወሰዱም።

እማዬ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። 30 ሳንቲ በ20 የምታህል ናት፣ ስትዘጋ ድምፅ የላትም፣ ትንፍ ብላ ነው የምትገጥመው። ከዚያ ከፈተቻት። የኩራዙ ምልክት ክዳኑ ውስጥ፣ ልክ መሃል ላይ ነው፤ መስታወት የሚገባበት ቦታ ላይ። አውራ ጣቷን ከተተችበት። "ጠባለች" አለች። ምልክቷ አልጠበበችም፣ የእሷ ጣት ነው የወፈረው፤ አልነገርኳትም።

በሣምንቱ ከፍቼ ባይ የስኳር መድኃኒቷ ወረቀት፣ የዕድር ደብተሯና የቤቱ ውል ነው ያለው። ድሪውስ ብላት "እሱ ቆርቆሮው ለምዶታል" አለችኝ። ከማርትሬዛዋ በቀር አንድም ጌጥ አልገባም። ለጋሼ ስነግራቸው ከሳቃቸው የተነሳ ድመቷ ከመስኮቱ ሥር ሸሸች።

እና ወገኖቼ፣ እባካችሁ። በረንዳ ላይ የወደቀ ሙቀጫ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የአባታችሁ ቁምሣጥን ካለ ለማገዶ አትስጡ። እኔን ጠይቁኝ። ከሦስት ሳምንት በታች አይሠሩም፣ አታጣድፏቸው፤ ጠዋት ስልክ አያነሱም፣ ከቅዳሴ በኋላ ደውሉ። ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ፣ አያዩላችሁም። እንጨቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ታሪኩንም ንገሯቸው፤ ሰዓት ያላችሁ ቀን ይሁን ብቻ።