ለዊንተር ካምፒንግ ትሬለር የቱ ይሻላል? የብርድ ንፋስ መከላከያዎች ንጽጽር

ብርድ ሲመጣ የካምፒንግ ትሬለር ባለቤት መጀመሪያ የሚያስበው ሁለተኛ ሂተር መግዛት ነው። እኔ ግን ገንዘቡ መጀመሪያ ቀዳዳ መድፈኛ ላይ ይዋል ባይ ነኝ። ንፋስ እንደ ልቡ በሚገባበት ቤት ሂተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ፕሮፔኑ ያልቃል እንጂ እግር አይሞቅም።

ከመግዛታችሁ በፊት ንፋሱ በየት እንደሚገባ እወቁ። ጋዝ የሚጠቀመውን ሁሉ አጥፉ፣ መስኮትና በር ዝጉ፣ ከዚያ የጣሪያውን ቬንቲሌተር አየር ወደ ውጭ እንዲያወጣ አድርጋችሁ አስነሱት። በክብሪት የሚለኮሰውን ቀጭን ዕጣን ይዛችሁ በየጠርዙ ቀስ እያላችሁ እለፉ። ቀጥ ብሎ ሲወጣ የነበረው ጭስ ድንገት ወደ ጎን ከታጠፈ ቀዳዳው እዚያ ነው። ሁሉም መስኮቱን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ጭሱ የሚታጠፈው ከሲንኩ ስር ቧንቧው ወለሉን በስቶ በሚያልፍበት ቦታ፣ የመብራት ገመድ በሚወጣበት ትንሽ በርና ከትሬለሩ ጎን ወደ ውጭ የሚገፋው ተንሸራታች ክፍል ጥግ ላይ ነው።

በር፦ ስፖንጅ ቴፕ ወይስ ጎማ?

ስፖንጅ ቴፕ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይለጠፋል። ችግሩ አንዴ ከተጨፈለቀ ተመልሶ አይነሳም። ውሃ የሚመጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ይረጥብና ይቀዘቅዛል። ኢፒዲኤም የሚባለው ውስጡ ክፍት የሆነ ጎማ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ብርድም ፀሐይም ይችላል። ቀኑን ሙሉ ለሚከፈትና ለሚዘጋ በር ያለ ጥርጥር ጎማውን ግዙ። አልፎ አልፎ ለሚከፈት የዕቃ ማስቀመጫ ውሃ የማይመጠው ስፖንጅ ይበቃል።

ውፍረቱን ለመምረጥ ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ወፈር ያለ ያስፈልጋል። ከለጠፋችሁ በኋላ በሩ አልቆለፍ ካለ ደግሞ በዝቷል። ሁለቱም ቅባትና እርጥበት ያለበት ቦታ ላይ አይይዙም፤ በአልኮል ጠርጉ። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይወርድ፣ በረዶው ሳይመጣ ብትለጥፉት ይመረጣል።

መስኮት፦ ላስቲክ ወይስ ብልጭልጭ ንጣፍ?

በፀጉር ማድረቂያ የሚወጠረው ስስ ላስቲክ በፍሬሙ ዙሪያ የሚገባውን ንፋስ ያቆማል፣ ብርሃን አይከለክልም። ብልጭልጩ ባለ አረፋ ንጣፍ ግን መስታወቱ ላይ ብቻ ሲጠጋ ሙቀት የመያዝ አቅሙ አር 1 አካባቢ ነው (አር ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርድ ይበልጥ ይከላከላል)፤ ንፋስም በጠርዙ ያልፋል። ከኋላው ውሃ ይጠራቀምና ሻጋታ ያመጣል። እኔ ላስቲኩን እመርጣለሁ። ንጣፉ ማታ ተደርጎ ጠዋት የሚነሳ ከሆነ ይረዳል። ቀይ እጀታ ያለው የአደጋ ጊዜ መውጫ መስኮት ግን ላስቲክ አይለጠፍበት።

ለጣሪያው ቀዳዳ 14 በ14 ኢንች የሆነ ትራስ ይሸጣል። ርካሽ ነው፣ ግዙት።

ከሆዱ ስር፦ ሸራ ወይስ ፎም ቦርድ?

ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለምትወጡ በትሬለሩና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን መሸፈን አያስፈልግም። ዴንቨር ወይም ሚኒሶታ አንድ ቦታ አቁማችሁ ክረምቱን ለምትከርሙ ግን ወለሉን የሚያሞቀው ይህ ነው። የቪኒል ሸራ ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ ንፋስ ያቆማል፣ ብርዱን ግን ብዙም አይከላከልም። በዚያ ላይ ውድ ነው። ጠንካራው ኤክስፒኤስ ፎም ቦርድ በአንድ ኢንች ውፍረት አር 5 ይሰጣል፣ በቢላ ይቆረጣል። ከታች ካልተደገፈ ንፋስ ይወስደዋል፣ አይጥም ይቦረቡረዋል። ለማይንቀሳቀስ ትሬለር ፎሙ ያዋጣል። በየጊዜው ቦታ ለሚቀይር ሸራው ይሻላል።

የማይደፈን

ፋብሪካው ለጋዝ ብሎ የተወውን ማናፈሻ፣ የሂተሩን የጭስ መውጫና ከመስኮቱ በታች ያሉትን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አትንኩ። የትሬለር ሂተር አየር ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ ይለቃል፤ የምግብ ምድጃው ግን እንደዚያ አይደለም። ስታበስሉ የጣሪያውን ቀዳዳ ክፈቱ። ቡና ለማፍላትም ቢሆን ከሰል ወደ ውስጥ በጭራሽ አታስገቡ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ መርማሪውን ባትሪና ጀርባው ላይ የታተመውን ማብቂያ ቀን ቴፑን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።