መያዣ ወይስ ማጣራት?

ሐይቅ ዳር ወይም በገና ሰሞን ላሊበላ ቤት የሚያከራይ ሰው አንድ ስጋት አለበት፤ ታላቅ የሌለበት የጎረምሳ ቡድን።

ተከራዩን መያዣ ብር ማስያዝ ቀላል ነው። ግን ብሩ የተሰበረ መስታወት ይክሳል እንጂ ጎረቤት በማግስቱ ቡና ላይ የሚያነሳውን ወቀሳ አያስቀርም። ልጆቹም አዋጥተው ይከፍሉታል።

ቀድሞ ማጣራት ጊዜ ይወስዳል። መታወቂያ ታያላችሁ፤ ደውላችሁ «ስንት ናችሁ? አብሯችሁ የሚያድረው ታላቅ ማነው?» ትላላችሁ። መልሱ ሲንተባተብ ነገሩ ይገባችኋል። አከራይና ተከራይን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ኤርቢኤንቢ እንኳ 18 ዓመት ላልሞላው ቤት አያስይዝም፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ድግስ ከልክሏል። ቀዳዳው ሌላ ነው፤ ታላቅ ወንድም ይከራይና ቁልፉን ለታናሹ ይሰጣል። ስለዚህ ቁልፉን ለተከራዩ በእጁ ስጡ፤ ማታም ብቅ በሉ።

እኔ ማጣራቱን እመርጣለሁ። መያዣውንም አልተውም፤ ብርጭቆማ ሽማግሌም ይሰብራል።