ላስ ቬጋስ፦ ፍሬሞንት ጎዳና ወይስ ስትሪፕ?

ጥሩ ፒዛና ኪስ የማይጎዳ አሮጌ ካዚኖ ለሚፈልግ ሰው ምርጫዬ ያለ ማመንታት በአሮጌው መሀል ከተማ ያለው ፍሬሞንት ጎዳና ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 የተከፈተው ኤል ኮርቴዝ ካዚኖ ዛሬም እውነተኛ ሳንቲም የሚጎርሱ የቁማር ማሽኖች አሉት፤ የሳንቲሙን ኳኳታ መስማት ራሱ ደስታ ነው! ብላክጃክ በሚባለው የካርድ ጨዋታ በሁለት ካርድ 21 ለሞላለት ተጫዋች በ10 ዶላር መደብ 15 ዶላር የሚከፍሉ ጠረጴዛዎችም አሉት። ትልልቆቹ ሆቴልና ካዚኖዎች በተደረደሩበት በስትሪፕ ጎዳና ግን ዝቅተኛ መደብ ባላቸው ጠረጴዛዎች ብዙውን ጊዜ ለዚያው 10 ዶላር የሚከፈለው 12 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህን ሳያጣሩ መቀመጥ አይገባም። በእግር የሚደረስበት ፒዛ ሮክም እ.ኤ.አ. በ2007 ኔፕልስ ላይ የዓለም የፒዛ ውድድርን ያሸነፈው የፒዛ ጋጋሪው የቶኒ ጀሚኛኒ ምግብ ቤት ነው።

ስትሪፕ የሚበልጠው ለሌሊት ረሃብ ነው፦ ኮስሞፖሊታን ሆቴል 3ኛ ፎቅ፣ ምልክት በሌለው ጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ፣ የኒውዮርክ ዓይነት ፒዛ በቁራጭ ይሸጣል።