ለፍኖተ ሰላሟ ሲስተር፦ ወላድ በድባብ ትሂድ!

እናት ወይም አባት ያረጁባችሁ፣ በተለይ ደም ግፊት ያለባቸው፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጎጃም ያላችሁ ደግሞ ለጎረቤትም ንገሩ።

እማዬ ደም ግፊት ካለባት ብዙ ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቷን አታቋርጥም። ያስቸገረን መውደቋ ነው። መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ እያሸው ገና ሳይጠገን፣ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ደግማ ወደቀች፤ ግንባሯ ተፈነከተ። ከዚያ ወዲያ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ነው።

ያልወሰድኳት ቦታ የለም። ስም አልጠራም፤ ሆዴ ግን እስካሁን እርር ይላል። አንዱ ጋ ጎህ ሳይቀድ ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ ልጁ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። በሹራቧ ላይ ለካና “ከፍ ብሏል” ብሎ ሌላ ክኒን ጨመረላት። ስለ መውደቋ ስነግረው “እርጅና ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ” አለኝ። እሷ እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማች! ሌላ ቦታ ደግሞ ራጅ፣ ከዚያ የጭንቅላት ምርመራ፣ ከዚያ እንደገና ደም ስጡ። ብሩ እንደ ጉድ ወጣ። “እንዴት ነው የወደቁት?” ብሎ ራሷን የጠየቃት ግን አልተገኘም።

በጎረቤት ጥቆማ ነው ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ክትትል ወደምትሠራው ሲስተር የሄድነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። እዚያ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ግን ያሳዩዋችኋል።

“እማማ” ብላ ተቀበለቻት። ሹራቧን ራሷ አወለቀችላት። አልጋ ላይ አስተኝታት ጥቂት ደቂቃ ጠበቀች፤ ውጭ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ! ከዚያ ለካች። ቀጥላ አስነሳቻትና እኔን በአንድ ወገን እንድደግፋት አድርጋ ቆማ ሳለች ለካቻት። ትንሽ ቆይታ ደገመች። ሰው ቆሞ ግፊት ሲለካ ያን ቀን ነው ያየሁት። ተኝታ 150 የነበረው የላይኛው ቁጥር ቆማ 118 ሆነ። “20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ዝም አይባልም” አለችኝ። ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ሰውነት ሲያረጅ ቶሎ አይመልሰውም እያለች አስረድታኛለች፤ ሁሉም ገባኝ አልልም። ቁጭ ስትል ግፊቷ ከፍ የሚል ሰው ብድግ ስትል ወርዶ ሊጥላት እንደሚችል ግን ገብቶኛል።

ከሁሉም የማልረሳው ቀጥሎ ያደረገችውን ነው። ወንበር ስባ ከእማዬ ፊት ተቀመጠችና እጇን ይዛ “እማማ፣ ሲነሱ ምን ይልዎታል?” አለቻት። እማዬ ዝም አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። “ዓይኔን ያጨልመኛል፤ ቤቱ ይዞርብኛል” አለች። ለእኔ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ለካ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትከለክለኛለች ብላ ፈርታ ነው። ሲስተር “ማን ይከለክልዎታል? እኔማ በሰላም ቆመው እንዲያስቀድሱልኝ ነው” አለቻት። እዚህ ላይ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደምትወስድ ጠየቀቻት። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እማዬ ከቅዳሴ በፊት ክኒንም ውሃም አትቀምስ፣ የጠዋቱን ሁሉ ወደ ማታ አዙራዋለች። ከክኒኖቹ አንዱ ደግሞ ሽንት የሚያስወጣ ነው። ማታ ትውጠዋለች፣ ሌሊት ሽንት ይቀሰቅሳታል፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልጠጣች ሴት በጨለማ ብድግ ትላለች። ይህን ከእሷ በፊት ማን ጠየቀን? ማንም!

መድኃኒቱን ራሷ አልቀየረችም። እኛም በራሳችን እንዳናቆም አጥብቃ አስጠነቀቀችን፤ ግፊቱ ልቅ ከተተወ ስትሮክ ያመጣል። በወረቀት ጽፋ ወደ ሐኪሙ ላከችን። እሱም አይቶ የአንዱን መጠን ቀነሰ፣ ሽንት የሚያስወጣውን ወደ ጠዋት መለሰው። ስለ ጾሙ “የንስሐ አባትዎን ያማክሩ” ብላ በአክብሮት ነው የነገረቻት። እሳቸውም “መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ” አሏትና ተገላገልን።

አሁን እማዬ ስትነቃ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሯን አውርዳ ትንሽ ትቀመጣለች፣ ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅሳለች፣ ከዚያ ነው የምትነሳው። ለሌሊት ፖፖ አልጋዋ ሥር አለ። ሸርተት የሚለውን ነጠላ ጫማ ጥለን ተረከዝ የሚይዝ ገዛሁላት። ቅዳሴ ሲረዝምባትም ታርፋለች። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም፣ ተመስገን!

ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ክፉ አይንካሽ። እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን።

እባካችሁ፣ ወላጆቻችሁን ውሰዷቸው። ሩቅ ያላችሁም ባላችሁበት ቦታ “ቆመውም ይለኩልኝ” በሉ፣ አትፈሩ። እሷ ጋ የምትሄዱ ማልዳችሁ ድረሱ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የእንቅልፍም ይሁን የፕሮስቴት ክኒን፣ አንዱንም ቤት አትተዉ። አንድ በአንድ እያወጣች ነው የምታየው።