ለአሮጌ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ፦ ስላሽ (ያገለገለ)፣ ርካሽ አዲስ ወይስ ማስጠገን?

ከመግዛትዎ በፊት የሞተው ፓወር ሰፕላዩ (የሶኬቱን ኃይል ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያድለው ሳጥን) መሆኑን ይለዩ። መሰኪያዎቹን ሁሉ ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ይንቀሉ፤ በትልቁ መሰኪያ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት ክሊፕ ካገናኙ በኋላ ሶኬት ላይ ይሰኩት። ፋኑ መዞሩ ብቻ ጤነኛ አያሰኘውም። አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰክተውበት በመልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ሲለካ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት ማሳየት አለበት።

መርካቶ የሚቀርብልዎ ርካሽ አዲስ ካርቶኑ ላይ 500 ዋት ይላል። ካርቶኑን ይተዉት፤ ብረቱ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። በ12 ቮልት ሥር 14 አምፔር ከተጻፈ በዚያ መስመር የሚያገኙት 168 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ባለ ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር ማሽን ይህም አያንስም። ችግሩ ወጪ ለመቆጠብ ማጣሪያውና መከላከያው የሚቀነስበት መሆኑ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከተቃጠለ ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሲያነሱት እንደ ባዶ ጣሳ ከቀለለዎት ይመልሱት።

ለቢሮ ሥራ ብቻ ለሚውል ማሽን የእኛ ምርጫ ከዴል ወይም ከኤችፒ ታወር የተፈታ ስላሽ ነው። 250 ዋት ከተባለ 250 ይሰጣል። ጉዳቱ ዕድሜው ነው፤ በአየር መውጫው በባትሪ አብርተው ያበጠ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ሲሊንደር) ካዩ ይለፉት። የኋላ ፊቱ 150 በ86 ሚሊሜትር ካልሆነ መደበኛ ኬዝ ላይ አይገጥምም። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የወጡ የዴል ማሽኖች መሰኪያቸው ተመሳሳይ፣ የሽቦው አደራደር ግን ሌላ ነው፤ ከሌላ ቦርድ ጋር ከተገናኙ ያቃጥላሉ። ከኋላ 115/230 የሚል ማብሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳያዩ አይሰኩት፤ 115 ላይ ሆኖ የእኛን 220 ሲያገኝ ይፈነዳል።

ማስጠገን የሚያዋጣው ፋኑ ሲጮህ ወይም ካፓሲተር ብቻ ሲያብጥ ነው። የካፓሲተሩ ምትክ ማይክሮፋራዱ (የማጠራቀም አቅሙ) እኩል፣ ቮልቱ ያላነሰ፣ 105 ዲግሪ የሚል ይሁን። ትራንዚስተሩ (ኃይሉን የሚያበራ የሚያጠፋው ክፍል) ከተቃጠለ ግን ገንዘብዎን አያባክኑ። ራስዎ አይክፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ግራፊክስ ካርድ ካለዎት ብቻ ስሙ የታወቀ አዲስ ይግዙ። የ24 ፒን መሰኪያው 4ቱ ፒኖች ከተነጠሉ 20 ፒን ቦርድ ላይ ይገባል። ለአሮጌ ሃርድ ዲስክ የሚሆነው ባለ 4 ፒን ሞሌክስ ግን አዲሶቹ ላይ እያነሰ ስለሄደ ቆጥረው ይግዙ። ፔንቲየም 3 ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ የሚበላው ከ5 ቮልቱ ነውና የቀዩን አምፔር ይመልከቱ።

ከገጠሙ በኋላ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ በፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችውን ባለ 4 ፒን ካሬ መሰኪያ ረስተዋታል ማለት ሊሆን ይችላል።